ሊቀ መፍቻ አላምረውና ወረቀት የማይጎርሰው የጽሕፈት መኪና

አላምረው የመጀመሪያውን ዕቃ የፈታው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ዕቃው ጣሊያን ዳባት አካባቢ ጥሎት የሄደ የእጅ ቦምብ ነበር። የአጎቱን የባቄላ ማሳ ሲያርሙ ከአፈር ውስጥ ወጣ። ሌሎቹ ሸሹ። እሱ ግን ሚስማርና ድንጋይ ፈልጎ ቁጭ አለ፤ ውስጡን ሊያይ። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት እዚያው ማሳ ላይ ቀረ። በቃሬዛ ተሸክመው በሁለተኛው ቀን ጎንደር አደረሱት። ሦስት ወር ሆስፒታል ሲተኛ እናቱ ለተዝካሩ የሚሆን ጌሾ መውቀጥ ጀምራ ነበር ይባላል። ዳነ። ጌሾውም ለሌላ ድግስ ዋለ።

ይህን ታሪክ ሰምቶ ከንፈሩን የሚመጥ ሰው ካለ አላምረው አቋርጦ ያርመዋል። «ችግሩ ከቦምቡ አይደለም» ይላል፤ «መፍቻው ልኩ አልነበረም።»

እንደ እኔ እምነት እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ የንስሐ አባት፣ አንድ ነገረኛና አንድ አላምረው መድቧል። የመጀመሪያው ኃጢአታችንን ይሰማል፤ ሁለተኛው ያወራል፤ ሦስተኛው ራዲዮናችንን ይፈታል። እናንተም ሰፈር ይኖራል። በደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ የሚንኳኳ፣ የሚያጉረመርም፣ ወይም የሚጨስ ነገር ሲያጋጥመው ግን እንደ ጥምቀት ቀን ይደምቃል። ለቅሶ ቤት ሄዶ ሟቹን ሳይሆን የድምፅ ማጉያውን የሚጠይቅ ሰው ካያችሁ እሱ ነው።

የእኛው አላምረው ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ይኖር ነበር። ወደ ሰው ቤት ሲገባ ባልቴቶች ራዲዮናቸው ላይ ነጠላ ጣል ያደርጋሉ፤ አራስ ልጅን ከዓይን እንደሚጋርዱ ሁሉ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሸዋረጋ አንድ ቀን ዘነጉና የግድግዳ ሰዓታቸውን አየባቸው። ሰዓቱ ከቆመ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ከምሳ እስከ መክሰስ ፈትቶ ገጠመው። ሠራ፤ አልዋሽም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ ሰባት ጊዜ ይመታል። ቤተ ሰቡ ለምዶታል፤ እንግዳ ሲደናገር «አንዱን ተወው» ይሉታል።

አላምረው ጠግኖ ሲጨርስ ሁልጊዜ የሚተርፍ ብሎን አለ። «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ይልና ኪሱ ይከተዋል። ቤቱ ውስጥ ፋብሪካዎች ያበዙት ብሎን በሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ ሞልቶ ነበር። ሚስቱ ይመኙሽ «ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው» ብላ ትናገር ነበር፤ «በዚህ ቤት ያልተፈታ ዕቃ እንስራው ብቻ ነው፤ እሱም ብሎን ስለሌለው።»

ሊቀ መፍቻ የሚለውን ማዕረግ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ «ሊቀ» የሚለውን ቃል ሰው ተጠንቅቆ ነበር የሚያወጣው፤ ለአገሩ አንድ ሊቀ መንበር ይበቃ ነበር። ስለዚህ ሊቀ መፍቻ ብዬ የምጠራው ግራ ቀኙን አይቼ ነው።

እኔና እሱ አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን። እሱ ጥገና ክፍል፣ እኔ ግምጃ ቤት። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተገኘውን ወረቀት እያነበብኩ ራሴ ደረስኩበት። መጻፍ በቻልኩ በወሩ፣ ቀድሞ በአውራ ጣቴ አትሜ የተረከብኩትን ንብረት በሙሉ መዝገቡን ገልጬ እንደገና በፊርማዬ ተረከብኩ። ማንም አላዘዘኝም። እንግዲህ በፊርማው የገባ ዕቃ ሲፈታ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው እንዳልነበርኩ ይገባችኋል። ለአሥር ዓመት ያህል በእኔና በአላምረው መካከል የነበረው ወዳጅነት በአንድ ጠንካራ ቁልፍ ላይ የቆመ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ከውጭ የመጡ የእርዳታ ሠራተኞች ሲሄዱ ትተውልን ከሄዱት ዕቃ መካከል አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን ነበር። እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፎች አሉት፤ ወረቀት የሚገባበት ግን የለውም። ገልብጬ አየሁት፤ የለውም። ስለዚህ በዕቃ መረከቢያው ሞዴል 19 ላይ «ወረቀት የማይጎርስ የጽሕፈት መኪና፣ ብዛት አንድ» ብዬ አስገባሁት። ለሁለት ዓመት ተኩል መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

አላምረው አንድ ቀን አምፖል ሊወስድ መጥቶ አየው። አምፖሉን ረሳው።

«አያ ላቀው፣ ይህ እኮ ኮምፒዩተር ነው።»

«ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ፈትቼ ልንገርዎ።»

ከግምጃ ቤቱ አስወጣሁት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እንዲገባችሁ ስለ ራሴ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ አጭር ነው። በጥር 1979 ግራ ጎኔን ያዘኝ። ሐኪሞቹ ደከሙልኝ፤ ምላሴ ተመለሰ፣ እግሬም ከምርኩዝ ጋር ተመለሰ። የግራ እጄ ጣቶች ግን እንደጨበጡ ቀሩ። ይህ ለሌላ ሰው ያን ያህል ላይሆን ይችላል። እኔ ግን በገና ደርዳሪ ነበርኩ። ከአባቴ በጆሮዬ የተማርኩት ነው፤ ከሁሉም ነገር በፊት፣ ከፊደልም በፊት የማውቀው እሱን ነው። በዐቢይ ጾም ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አይጠፋም ነበር። በገና በግራ እጅ ጣቶች ነው የሚደረደረው። «በቀኝህ ሞክረው» የሚሉኝ ነበሩ፤ አመሰገንኳቸው። በገናውን ከግድግዳ አውርጄ ለወንድሜ ልጅ ላክሁት። ስገባ ስወጣ ተሰቅሎ እንዲያየኝ አልፈለግሁም። ከዚያ በኋላ ስለ በገና በፊቴ ማንም አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

አላምረው ግን እንደ ሰው ማዘን አያውቅበትም። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ግምጃ ቤት መጣና እጄን ትክ ብሎ አየው። አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ የወይዘሮ ሸዋረጋን ሰዓት ያየበት ዓይን ነው።

«ክንድዎ ይነሣል?» አለኝ።

«ይነሣል።»

«ይወርዳል?»

«ይወርዳል።»

«ታዲያ ችግሩ ከእጅዎ አይደለም» አለ።

በዚያ ዓመት ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ ይህ ነበር የበጀኝ፤ አላሳየሁትም እንጂ።

ያሰበውን ሲያስረዳኝ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ እኔ በአጭሩ ልንገራችሁ። በሣጥኑ ጎን ዘጠኝ እሾህ ያለው ቀዳዳ አለ። በውጭ አገር ልጆች ለጨዋታ የሚሆን ዘንግ ይሰኩበታል። ማሽኑ ግን የተሰካው ዘንግ ይሁን ሌላ አይጠይቅም፤ በሽቦው የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ ለክቶ «ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥር ይሰጣል። አላምረው ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ከተጣለ ካሜራ ውስጥ የምስር ክክ የምታክል ነገር አውጥቶ ነበር። ይህች ክክ ብርሃን ስታገኝ ኤሌክትሪኩን ታሳልፋለች፤ ጥላ ሲያርፍባት ትከለክላለች። እጄን ከላይዋ ዝቅ ሳደርግ ጥላው ይከብዳል፤ ከፍ ሳደርግ ይቀላል። ጥላው ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥሩ ድምፅ ይሆናል። ጣት አያስፈልግም።

ሐሳቡን ሰምቼ የዕቃ ወጪ ማድረጊያውን ሞዴል 22 አወጣሁና «ለጥገና» ብዬ ሞላሁ። ከግምጃ ቤቱ ግን አንድ እርምጃ እንዳይወጣ አልኩ። እንዲህ ሆኖ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ፣ እኔ ቁልፍ ከፍቼ የሳሙና ሣጥን ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ አሮጌ ቴሌቪዥን ከማሽኑ ጋር አገናኝቶ ይሠራል። እኔ ምንም አልሠራም። ሲጨስ እስላለሁ።

ማሽኑ የሚታዘዘው በፊደል ሲጽፉለት ነው፤ ትእዛዙም በእንግሊዝኛ ነው። አላምረው እንግሊዝኛ የተማረው ከራዲዮ ጀርባ ላይ ነበር። ስለዚህ አብሮ የመጣውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታ፣ በቀን ግማሽ ገጽ ይሄድ ነበር። የባሰው ደግሞ መብራት ሲጠፋ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ጎንደር ላይ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለማንም አልነግርም። መጽሐፉ ለዚህ መላ ነበረው፤ ትእዛዙን በቴፕ ካሴት ላይ መቅዳት ይቻላል ይላል። አላምረው ከቤቱ አንድ ካሴት አምጥቶ ቀዳበት፤ ማታም ይዞት ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ይመኙሽ የወንድሟን ሠርግ ልትሰማ ቴፗን ከፈተች። ከሚዜዎቹ ዘፈን ፋንታ ጥርስ የሚያፏጭ ጩኸት ወጣ። ሰኞ ጧት ግምጃ ቤት ድረስ መጣች፤ ካሴቱን በእጇ ይዛ።

«አያ ላቀው፣ እዚህ ውስጥ ተርብ ገብቷል» አለችኝ።

አላምረው ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ ተርብ እንዳልሆነ፣ ፕሮግራም እንደሚባል ነገራት።

«ተርብ ይሻለኝ ነበር» አለች፤ «ተርብ መውጫውን ያውቃል።» ከዚያ አዘዞ እኅቷ ዘንድ ሄዳ አንድ ሳምንት ተቀመጠች። ስትመለስ ካሴቶቿን በሙሉ እንቅብ ውስጥ ቆልላ ላዩን ሰፍታበት ነበር። በመርፌና በክር የተሰፋ ነገር በመፍቻ አይከፈትም።

ስምንት ቅዳሜ ሞከርን፤ አልሆነም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ማሽኑ ዝም አለ። በሁለተኛው ጨሰ። በሦስተኛው ጮኸ፤ ግን ለእኔ እጅ ሳይሆን ለደመና ነበር የሚጮኸው፤ ደመና ፀሐይን ሲሸፍን ያለቅሳል፣ ሲያልፍ ይተዋል። በአምስተኛው መስኮቱ ላይ ርግብ አርፋ አንድ ሰዓት ሙሉ እሷ ተጫወተች። አላምረው ለሁሉም መድኃኒት አበጀ፤ ለደመናው ቁጥር ቀነሰ፣ ለርግቧ ወንፊት መታ። «ችግሩ ከማሽኑ አይደለም» እያለ፣ ችግሩን ከሰማይና ከአእዋፍ ላይ አንድ በአንድ ለቀመ።

በዘጠነኛው ቅዳሜ አምስት ድምፅ ወጣ። ከፍ ዝቅ የሚል፣ ሻካራ፣ የሚነዝር ድምፅ። አላምረው ስለ ሻካራነቱ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ የማሽኑ ድምፅ ማውጫ ርካሽ ስለሆነ ጥራት የለውም አለኝ። እኔ ግን ከሣጥኑ ላይ ተነሥቼ ነበር። የበገና አውታር እንደ ንብ ካልነዘረ በገና አይባልም፤ ቁራጭ ቆዳ የምናስገባበት እንዲነዝር ብለን ነው። የእነዚያ ፈረንጆች ማሽን ጉድለቱ በሙሉ የበገና ውበት ነበር።

«ሦስተኛው ከፍ ብሏል» አልኩት።

«ስንት ልቀንስ?»

«በቁጥር አላውቀውም። አንተ ዝቅ አድርገው፤ ስትደርስ እነግርሃለሁ።»

እንዲህ እያልን እስኪመሽ አምስቱንም ቃኘን። ከዚያ ክንዴን ከዚያች ክክ በላይ አነሣሁ፣ አወረድኩ። ጭብጥ እጄን ይዤ የአባቴን ዜማ ዳር እስከ ዳር ደረደርኩ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። ስጨርስ መነጽሬን ጠረግሁ፤ ግምጃ ቤት አቧራ ይበዛዋል።

የካቲት ላይ ጾሙ ገባ። በየቅዳሜው ግምጃ ቤቱን ከውስጥ ቆልፈን ቀጠልን። ከዚያ መጋቢት ላይ ደብዳቤ መጣ፤ አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ። የሚሄደውንና የሚቀረውን የሚወስነው የመሥሪያ ቤታችን የፓርቲ ተጠሪ ጓድ መለሰ ነው፤ ረቡዕ ጧት ሠራተኛው በተገኘበት ግምጃ ቤቱን ያያል። ማሽኑ በመዝገብ ላይ ሁለት ዓመት ተኩል ያልሠራ የጽሕፈት መኪና ነው። ከሄደ እጄ ለሁለተኛ ጊዜ ይሞታል፤ እንደሚሠራ ካሳየን ደግሞ ምን እንደሚሠራ መናገር ሊኖርብን ነው። በጾም ወቅት፣ በመንግሥት ንብረት፣ የበገና መዝሙር። ሁለታችንም የት እንደሚያደርሰን እናውቅ ነበር።

አላምረው መላ አመጣ። የሰልፍ መዝሙር እንድጫወት ነበር ያሰበው፤ ጓድ መለሰ ደስ ይለዋል፣ ማሽኑም ይቀርልናል። አልሆንም አልኩ።

«አያ፣ ድምፁ እኮ የማሽን ነው» አለኝ።

«እጁ የእኔ ነው።»

አኮረፈ። በኋላ ራሱን አክኮ፣ እንግዲያው የአባትዎን ዜማ ይደርድሩት፣ ቃል ግን አይኑረው፤ ቃል የሌለውን ነገር ማን ይከሰዋል አለ። ተስማማሁ። ለእሱ አልነገርኩትም እንጂ ጎንደር ውስጥ በጾም ያደገ ሰው ያን ዜማ ሲሰማ ቃሉ በልቡ እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

ረቡዕ መጣ። አላምረው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ መፍቻውን እንደ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ቆመ። ሠላሳ የሚሆኑ ሠራተኞች በመስኮቱ በኩል አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ግምጃ ቤቱ አንድ መስኮት ነው ያለው፤ ከተቀመጡ ሰዎች ራስ ከፍ ይላል፣ ብርሃኑም በላያቸው አልፎ ማሽኑ ላይ ያርፋል። ማሽኑ ተከፍቶ ዝም ብሏል፤ ሙሉ ብርሃን ካገኘ ዝም ይላል። አላምረው ደመናውን አስቧል፤ ርግቧን አስቧል፤ የሠራተኞቹን ቁመት እንኳ በገመድ ለክቷል፤ ተቀምጠው።

ጓድ መለሰ ሠላሳ አምስት የሚሆነው፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር። አያቱ የደብር አለቃ ናቸው ይባላል፤ እሱ አያነሣውም። በሩን ከፍቶ ገባ።

ሁላችንም ተነሣን።

ይህን ማንም አላሰበበትም። የማሽኑ መጽሐፍ የተጻፈበት አገር ሰው ሲገባ የሚነሣ የለም መሰለኝ። እኛ ግን ለመምህር፣ ለእንግዳ፣ ለሽማግሌ፣ ለሹምም ስንነሣ ያደግን ነን፤ ጉልበታችን ከእኛ ሳይጠይቅ ይነሣል። ሠላሳ ሰው መስኮቱን ጨለማ አደረገው። ማሽኑም የመጨረሻውን ወፍራም አውታር ይዞ ማቃሰት ጀመረ።

ጓድ መለሰ ባለበት ቆመ። እሱ ስለቆመ እኛ መቀመጥ አልቻልንም። እኛ ስላልተቀመጥን ማሽኑ ዝም ሊል አልቻለም። ማሽኑ ዝም ስላላለ እሱ መቀመጥ አልቻለም። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ማሽኑ ከመቃብር እንደሚመጣ ድምፅ፣ ፊት ለፊቱ፣ በእሱ ላይ ያቃስታል። ከኋላ አንዲት ጸሐፊ ነጠላዋን ነክሳለች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ጓድ መለሰ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

አላምረው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። «ችግሩ ከማሽኑ አይደለም፣ ጓድ» አለ። ይህንም ሲል በሦስት ጣት እጁ ወደ እሱ ወደ ጓድ መለሰ አመለከተ።

በዚያ ዘመን በአንድ አረፍተ ነገር የጠፉ ሰዎችን አውቃለሁ። ምርኩዜን ጨብጬ ተናገርኩ።

«ጓድ መለሰ፣ እኛ ስንነሣልዎ እሱም ተነሣ። ኖር እያለዎት ነው።»

ኖር ሲባል አገራችን ሰው የሚመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ገና አፉን ሲፈታ ይማረዋል። ጓድ መለሰ «በእግዜር» አለና ተቀመጠ።

እኛም ተቀመጥን። መስኮቱ በራ፤ ማሽኑ ዝም አለ። የፓርቲው ተጠሪ የተናገረውን ሠላሳ ሰው ሰምቷል፤ ሠላሳውም ወለሉን ያያል። የሳቀ የለም። መሥሪያ ቤታችን ጨዋ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። የጓድ መለሰ ጆሮ ቀላ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «እንግዲህ አሳዩን» አለ።

ክንዴን አነሣሁ። የመጀመሪያውን ቤት ቸኩዬ አለፍኩት፤ ማሽኑም ቸኩሎ ተከተለኝ። የዜማው ሁለተኛ ቤት ላይ ስደርስ ረጋሁ። ቀና ስል ጓድ መለሰ የያዘው እርሳስ ቆሟል። አንገቱን ደፍቷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ቃሉን እያለ ነበር። እኔ ወደ ክኬ ተመለስኩ፤ ያየሁትን እንዳላየሁ አደረግሁ።

ስጨርስ «ይህ ዜማ ምንድን ነው?» አለኝ።

አላምረው አፉን ሲከፍት አይቼ ቀደምኩት። «የድሮ ነው» አልኩ።

«የድሮ መሆኑን አውቃለሁ» አለ በቀስታ። ከዚያ ወደ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ ዞሮ ድምፁን አጠነከረ። መሣሪያው ብርሃንን ለማጥናት የሚያገለግል መሆኑ ተረጋግጧል፤ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ፤ ቁልፉም ከግምጃ ቤት ኃላፊው በቀር በማንም እጅ እንዳይገባ ብሎ አጻፈ። በቁጣ ስለተናገረው ግማሹ ሠራተኛ እኔ የተቀጣሁ መስሎት በኋላ መጥቶ አጽናናኝ። በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ጨመረ፤ ጥናቱ በየሳምንቱ ይቀጥልና ሚያዝያ ሁለት ቀን ይፈጸም አለ። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ ሁለት ነበር።

ከሥራ በኋላ እኔና አላምረው ወደ ቁስቋም ዳገቱን ይዘን ወጣን። በምርኩዝ ስለምሄድ ቀስ እያለ ይጠብቀኛል። «የብርሃን ጥናት» የሚለው ቅር ብሎት ነበር፤ ስሙ በቃለ ጉባኤው ላይ አልተጻፈም። ይህን ሰው አሥር ዓመት በቁልፍ ስጠብቀው ኖሬአለሁ። መቀስ እንኳ አስፈርሜ ነበር የምሰጠው። ያን ቀን ግን አጠገቤ ሲሄድ እያየሁት፣ እሱ የሌለበት ሰፈር ምን ያህል ዝም ያለ እንደሚሆን አሰብኩ። ሰዓቱ ሁሉ በልኩ የሚመታ፣ ራዲዮው ሁሉ ደህና የሆነ፣ ጭብጥ እጅ ግን እንደጨበጠ የሚቀርበት ሰፈር። ይህን መናገር አልለመድኩም። ስለዚህ ጠየቅሁት።

«አላምረው፣ በዕድሜህ ከፈታኸው ሁሉ የቱ ይበልጥብሃል?»

ኮምፒዩተሩ እንደሚለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ከተማውን ቁልቁል አየ።

«አያ፣ ዕቃ ሰጥቶኝ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው» አለኝ። «‹ሲሠራ ጥራኝ› ይላል። ሲሠራ መጥቶ ይወስዳል፤ ሸጋ ነው፣ ይመርቀኛል። እምቢ ሲለኝ፣ ሲጨስብኝ፣ ስሳሳት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ግን አልነበረኝም። እርስዎ ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ሳይሠራ ተቀመጡ፤ አንድ ቀን ተወው አላሉኝም። እኔን ከጠየቁኝ ማሽኑ አይደለም። ያ መቀመጥዎ ነው።»